ማመልከቻችን ምን ያመለክታል?
በሰው ኃይል አስተዳደር የሥራ ማመልከቻ ደብዳቤ ውስጥ ጠንካራ ጎንን ስለማሳየት

የዛሬውን ጽሑፌን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልጀምር። «እኔ አመልካች ታታሪ፣ ታማኝ፣ ሥራ ወዳድ፣ ከሰው ጋር ተግባቢ፣ በቡድን የመሥራት ችሎታ ያለኝና የሥራ ጫናን መቋቋም የምችል ነኝ።» ይህን ስታነቡ የማን መልክ መጣላችሁ? የማንም አይመጣም። ስለ እኔ ሊሆን ይችላል፣ ስለ እናንተ ሊሆን ይችላል፣ አንድም ቀን ክፍል በሰዓቱ ገብቶ ስለማያውቀው ጓደኛችንም ሊሆን ይችላል።

ዓረፍተ ነገሩን የወሰድኩት ከታላቅ እህቴ ማመልከቻ ላይ ነው (በፈቃዷ ነው የምጽፈው)። እህቴ በማኔጅመንት ተመርቃ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሥራ ስትፈልግ ቆይታለች። ከሁሉ አብልጣ የምትፈልገው በሰው ኃይል አስተዳደር ውስጥ መሥራት ነበር። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ቤት ስገባ የማመልከቻዎቿን ፎልደር አየሁት። 23 ደብዳቤዎች አሉበት። ሃያ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ የሚለየው ከላይ «ለ» ብሎ የሚጀምረው የድርጅቱ ስም ብቻ ነው። እንዲያውም በአንደኛው ላይ እሱንም መቀየር ረስታ ለአንዱ ድርጅት የተጻፈውን ለሌላው አስገብታዋለች። ከሃያ ሦስቱ ለፈተና የተጠራችው አንዴ ብቻ ነው።

«ጋዜጠኝነት የሚማር ሰው ስለ ሥራ ማመልከቻ ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። በሁለት ምክንያት ያገባኛል። አንደኛ፣ ሁላችንም ከሁለት ዓመት በኋላ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ነን። ሁለተኛ፣ የእህቴ ደብዳቤ በሽታ መምህሮቻችን በየሳምንቱ በቀይ እስክሪብቶ የሚያክሙት የእኛው በሽታ ነው፤ መረጃ ሳይኖር ቅጽል መደርደር። አንድ ዜና ላይ «ከፍተኛ የጎርፍ አደጋ ደረሰ» ብለን ስንጽፍ «ስንት ቤት ፈረሰ? የት? መቼ?» ተብለን እንጠየቅ የለ? ማመልከቻም ከዚህ የተለየ አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ ለሰው ኃይል አስተዳደር የሥራ መደብ በሚቀርብ ማመልከቻ ውስጥ ጠንካራ ጎናችንን እንዴት ማሳየት እንደምንችል ለመዳሰስ እሞክራለሁ። ምሳሌዎቼን በአብዛኛው የምወስደው ከእህቴ ታሪክና የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያ ሆነው ለረጅም ዓመታት ከሠሩ አንዲት የሰፈራችን ሴት ምክር ነው። እኛ እትዬ ብለን ነው የምንጠራቸው፤ አሁን ጡረታ ወጥተዋል።

ማመልከቻ ወይስ አቤቱታ?

ቃሉን ራሱን እንየው። «ማመልከቻ» የመጣው «አመለከተ» ከሚለው ግስ ነው። አመለከተ ማለት ጠቆመ፣ አሳየ ማለት ነው፤ «ምልክት» የሚለውም ቃል ዘመዱ ነው። እንግዲህ ማመልከቻ ማለት ማሳያ፣ መጠቆሚያ ማለት ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ልመና ነው። የእህቴ ደብዳቤ የሚያልቀው «ያለሁበትን ችግር ተመልክታችሁ ሥራ ትቀጥሩኝ ዘንድ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ» በሚል ነበር።

ይህ አጻጻፍ ከየት መጣ ብዬ ሳስብ ከአቤቱታ የመጣ ይመስለኛል። ወላጆቻችን ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲጽፉ የኖሩት አቤቱታ ነው፤ ለዳኛ፣ ለቀበሌ፣ ለወረዳ። በፍርድ ቤቶች አካባቢ የሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎችም የተካኑት በዚህ ነው። አቤቱታ ላይ በደልንና ችግርን በደንብ ማሳየት ተገቢ ነው፤ የሚጠየቀው ፍትሕ ወይም ርኅራኄ ነዋ! የሥራ ማመልከቻ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ችግር ያለበት ቀጣሪው ነው። ሰው ጎድሎበታል፣ ሥራ ተከማችቶበታል፣ ለዚህም ገንዘብ ከፍሎ ማስታወቂያ አውጥቷል። የደብዳቤው ሥራ «ያንን ችግር እኔ ላቃልለው እችላለሁ፣ ምልክቱም ይኸውና» ማለት ነው።

ሌላው እንቅፋት ይሉኝታ ነው። ራሱን የሚያመሰግን ሰው በእኛ ዘንድ ብዙም አይወደድም፤ «ዝም አይነቅዝም» እየተባልን ነው ያደግነው። በሌላ በኩል ግን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚል ተረትም አለን። ታዲያ የቱን እንስማ? እኔ እንደገባኝ ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል። «ጎበዝ ነኝ» ማለት ራስን ማመስገን ነው። «ይህን ሠርቻለሁ» ማለት ግን የሆነውን መናገር ብቻ ነው፤ ምስጋናው ለአንባቢው ይተዋል። ስለዚህ በሥራ የሚታይ ጥንካሬን መጻፍ ለይሉኝተኛ ሰው እንዲያውም ይቀለዋል።

አንባቢው ማን ነው?

አንድ ምሽት እህቴን ይዤ እትዬ ቤት ሄድን። ቡና እየተፈላ ደብዳቤውን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና «የኔ ልጅ፣ ይኼ ደብዳቤ ምንም ስህተት የለበትም፤ ምንም ነገርም የለበትም» አሏት። ከዚያ ማመልከቻ ቢሮ ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን አስረዱን።

እሳቸው እንደነገሩን የመጀመሪያው ወንፊት ማስታወቂያው ራሱ ነው። የትምህርት ዓይነት፣ ደረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ የማመልከቻው ቀነ ገደብ፣ ተያይዞ መምጣት ያለበት ኮፒ። እዚህ ላይ የወደቀን ሰው የትኛውም ቆንጆ ደብዳቤ አያድነውም። «የሁለት ዓመት ልምድ ያላት» በሚል ማስታወቂያ ላይ ያለ ልምድ ማመልከት ወረቀት ማባከን ነው። ሁለተኛው ወንፊት ላይ የሚደርሱት መስፈርቱን በወረቀት ያሟሉት ናቸው። ዲግሪያቸው አንድ፣ ልምዳቸው አንድ፣ ነጥባቸውም ተቀራራቢ ነው። ደብዳቤ የሚነበበው ያኔ ነው። ሃምሳና ስድሳ ሰው «ታታሪ፣ ታማኝ» ባለበት መሀል አንድ የተለየ ነገር የሚናገር ደብዳቤ ሲመጣ ዓይን ይቆማል።

ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ግን ቀጥሎ ያሉት ነው። «ለሹፌርነት ወይም ለሒሳብ ሠራተኝነት ያመለከተ ሰው ደብዳቤው ቢኮላሽ መንዳቱን ወይም መደመሩን እፈትነዋለሁ። ለሰው ኃይል ያመለከተ ሰው ግን ደብዳቤው ራሱ ፈተናው ነው።» እውነታቸውን ነው። የሰው ኃይል ባለሙያ ቀኑን ሙሉ የሚጽፈው ደብዳቤ ነው፤ የምደባ፣ የዝውውር፣ የዕረፍት ፈቃድ፣ የማስጠንቀቂያ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃ። የሰው ስም አሳስቶ የጻፈ ወይም የሥራ መደቡን መጠሪያ ያዛባ አመልካች ነገ የሠራተኛን የልደት ቀን አሳስቶ የጡረታውን ጊዜ ያዛባል ተብሎ ቢጠረጠር አይፈረድም። እህቴ ስሙን ሳትቀይር ያስገባችውን ደብዳቤ አስታውሳ አንገቷን ደፋች።

የዳ ቪንቺ ማመልከቻ

ወደ እህቴ ከመመለሴ በፊት አንድ ታሪክ ላንሳ። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺን ሁላችንም የምናውቀው በሥዕሉ ነው። እሱም ግን በሠላሳ ዓመቱ አካባቢ፣ በ1482 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ሥራ ፈላጊ ነበር። ለሚላን ገዥ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ የተዘጋጀው የማመልከቻ ረቂቁ እስካሁን አለ። ታዲያ በደብዳቤው መጀመሪያ ላይ ስለ ሥዕል ምንም አይልም። ተራ በተራ ቁጥር እየሰጠ የሚዘረዝረው በቀላሉ የሚጓጓዝ ድልድይ እንደሚሠራ፣ ምሽግ በሚከበብበት ጊዜ በዙሪያው ያለውን ውሃ ማድረቅ እንደሚችል፣ መድፍና የተሸፈነ የጦር ሠረገላ እንደሚያዘጋጅ ነው። ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ የሚመጡት መጨረሻ ላይ፣ በሰላም ጊዜ ሊሠራቸው ከሚችላቸው ነገሮች ጋር ነው። በመጨረሻም «ይህ አይቻልም የሚል ካለ በፈለጋችሁት ቦታ ሠርቼ ላሳይ» የሚል ሐሳብ ያቀርባል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ሊዮናርዶ ከጥንካሬዎቹ መካከል ያስቀደመው ራሱ የሚኮራበትን ሳይሆን ጦርነት የማይለየው ገዥ የሚፈልገውን ነው። ደግሞም «ብልህ ነኝ» አላለም፤ ምን መሥራት እንደሚችል ነው የቆጠረው። ማስረጃውንም በተግባር ለማሳየት ዝግጁ ነበር።

ጥንካሬ የሚገኘው የት ነው?

«እኔ እኮ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፣ ምን ልጻፍ?» አለች እህቴ። ይህ የብዙዎቻችን ጥያቄ ነው። እትዬ መልስ አልሰጧትም፤ እንደ ጋዜጠኛ ጠየቋት እንጂ። ቤት ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ? ሰፈር ውስጥ ሰው ለምን ጉዳይ ነው የሚፈልግሽ? ባለፉት ሁለት ዓመታት በኃላፊነት የያዝሽው ነገር አለ? እህቴ ብዙ ካሰበች በኋላ «የእማዬን ዕድር መዝገብ እጽፋለሁ፣ እሱ ግን ሥራ አይደለም» አለች።

እትዬ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ስንት አባላት አሉት?»

«86።»

«ምን ምን ትመዘግቢያለሽ?»

ወርኃዊ መዋጮ፣ በስብሰባ መገኘትና መቅረት፣ የቅጣት ገንዘብ፣ የቤተሰብ ለውጥ፣ ማለትም ማን አገባ፣ ማን ወለደ፣ ማን ሞተበት፤ ሐዘን ሲደርስ ማን በየትኛው ተራ እንደሚያስተናግድ። እሷ ስትዘረዝር እኔም ነገሩ ቀስ እያለ ገባኝ። ይህ እኮ የሠራተኛ ማህደር፣ የሰዓት ቁጥጥር፣ የደመወዝ ተቀናሽና የሥራ ምደባ ማለት ነው! ስሙ ዕድር ሆነ እንጂ። የቀድሞዋ ጸሐፊ ሰፈር ሲቀይሩ መዝገቡን የተረከበችው እህቴ ናት። ስትረከብ ደረሰኞቹን ከመዝገቡ ጋር አንድ በአንድ አመሳክራ የ11 አባላት ክፍያ በስህተት እንዳልተከፈለ መመዝገቡን አግኝታለች። ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ ባልሠሩት ጥፋት ቅጣት ከፍለው ነበር፤ እንዲመለስላቸው አድርጋለች።

ሃያ ሦስት ደብዳቤ ስትጽፍ ይህንን አንዴም አላነሳችውም። ስለማይጠቅም ሳይሆን ሥራ መሆኑ ስላልታያት ነው። እኔም ወንድሟ ሆኜ አላየሁትም። ጥንካሬያችን ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ስለለመድነው አይታየንም። የክፍል ተወካይ ሆኖ የጓደኞቹን ቅሬታ ለመምህር ያቀረበ፣ የተማሪዎች ምግብ ቤት ኮሚቴ ውስጥ የሠራ፣ የጽዋ ማኅበር ወይም የጀመዓ ገንዘብ የያዘ፣ የዕቁብ ዳኛ የሆነ፣ የተግባር ልምምድ ላይ ፋይል ያደራጀ ሁሉ የሚጽፈው አለው።

አራት ጥንካሬዎችና ምልክቶቻቸው

የሰው ኃይል ሥራ ከሌሎች ሥራዎች ይልቅ የሚፈልጋቸው ጥንካሬዎች አሉ። እያንዳንዳቸው በደብዳቤ ላይ የሚታዩበት መንገድም ይለያያል።

1. ጥንቃቄ። «ጠንቃቃ ነኝ» ብሎ በተሳሳተ ፊደል ከመጻፍ የከፋ ነገር የለም። ጥንቃቄ በሁለት ቦታ ይታያል፤ በምንተርከው ሥራና በደብዳቤው ንጽሕና። የሥራ መደቡ መጠሪያ ማስታወቂያው ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይጻፍ። ማስታወቂያው የመለያ ቁጥር ካለው ይጠቀስ። የተያያዙ ኮፒዎች ብዛት ከታች ከተጻፈው ጋር ይግጠም። ስማችን ዲግሪው ላይ «ሠ» ከሆነ መታወቂያችንና ደብዳቤያችን ላይም እንዲያው ይሁን።

2. ሚስጥር መጠበቅ። ይህ ከባዱ ነው። ሚስጥር ጠባቂ መሆንህን ሚስጥር ሳታወጣ እንዴት ታሳያለህ? እትዬ አንድ አመልካች «በቀድሞ ሥራዬ የሥራ አስኪያጁን ደመወዝና ጉድ ሁሉ አውቅ ነበር፣ ለማንም አልተናገርኩም» ብሎ ጽፎላቸው እንደሚያውቅ ሲነግሩን ሳቅን። ሰውየው በዚያው ዓረፍተ ነገር ተናገረ እኮ! ሚስጥር ጠባቂነት የሚታየው በምንተወው ነገር ነው። የኃላፊነቱን ዓይነት እንናገራለን፤ የሰው ስምና ዝርዝር ጉዳይ እንተዋለን፤ ስለ ቀድሞ ቀጣሪ ወይም ስለተለማመድንበት መሥሪያ ቤት ክፉ አንጽፍም። በእህቴ ዕድር በሕመም ወይም በችግር ምክንያት መዋጮ መክፈል ያልቻሉ አባላት በኮሚቴው ውሳኔ ጊዜ ይሰጣቸዋል፤ ይህን የሚያውቁት ኮሚቴውና ጸሐፊዋ ብቻ ናቸው። እነማን እንደሆኑ እናታችን አታውቅም፣ እኔም እስከ ዛሬ አላውቅም።

3. ሕግ ማወቅ። ብዙ አመልካቾች «የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ጠንቅቄ አውቃለሁ» ብለው ይጽፋሉ። የእህቴ የድሮ ደብዳቤ ደግሞ ከዚህ አልፎ «አዋጅ ቁጥር 377/96ን ጠንቅቄ አውቃለሁ» ይል ነበር። ከቀድሞ ተመራቂዎች ደብዳቤ የገለበጠችው ነው። ችግሩ አዋጅ 377/1996 በ2011 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተተክቷል። ለውጡም የቁጥር ብቻ አይደለም። በቀድሞው አዋጅ የሙከራ ጊዜ ከ45 ተከታታይ ቀናት አይበልጥም ነበር፤ በአዲሱ እስከ 60 የሥራ ቀናት ሆኗል። የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ዕረፍት ከ14 ወደ 16 የሥራ ቀናት ከፍ ብሏል። የተሻረ ሕግ አውቃለሁ ብሎ ለሰው ኃይል ክፍል መጻፍ ጥንካሬን ሳይሆን ድክመትን በፊርማ ማረጋገጥ ነው። በተጨማሪም ይህ አዋጅ የግል ድርጅቶችንና የመሳሰሉትን የሚመለከት ሲሆን የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ አዋጅ ነው። ስለዚህ የምናመለክትበት ቦታ በየትኛው ሕግ እንደሚተዳደር ለይቶ አንድ ነገር በትክክል መጥቀስ «ሁሉን አውቃለሁ» ከማለት ይበልጣል።

4. ከሰው ጋር መሥራት። «ተግባቢ ነኝ» የሚለው ቃል ሳቂታ መሆንን ብቻ ነው የሚነግረን። የሰው ኃይል ባለሙያ የሚፈለገው ሰው ሲቆጣ ነው፤ ዕረፍት የተከለከለ፣ ዕድገት የቀረበት፣ ቅጣት የተጣለበት ሠራተኛ ፊቱ ሲቆም። ስለዚህ የምናቀርበው ምሳሌ ጸብ ያለበት ቢሆን ይመረጣል። ማን ተቆጣ ሳይሆን ምን ጉዳይ ነበር፣ እኛ ምን አደረግን፣ በምን አለቀ? ያለአግባብ የተቀጡት ሁለት እናቶች ሲያኮርፉ እህቴ ደረሰኛቸውን ይዛ በየቤታቸው ሄዳ ይቅርታ ጠይቃለች፤ ዛሬ ሁለቱም የዕድሩ አባላት ናቸው።

የሰው ኃይል ባለሙያዎች ለቃለ መጠይቅ የሚጠቀሙበት አንድ የታወቀ ቅደም ተከተል አለ፤ ሁኔታው፣ ኃላፊነቱ፣ ድርጊቱ፣ ውጤቱ። ይህ ከእኛ «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት» ጋር ወንድማማች ነው። አንድን ጥንካሬ በእነዚህ አራት ነጥቦች በሦስት ወይም በአራት ዓረፍተ ነገር መጻፍ ከተቻለ በቂ ነው። አራቱንም ጥንካሬዎች በአንድ ደብዳቤ መጨመር አያስፈልግም፤ ማስታወቂያው አጥብቆ የጠየቀውን ሁለቱን መምረጥ ይሻላል። የቀረው በሲቪው ላይ አለ።

የእህቴ አዲሱ ደብዳቤ

እንግዲህ ንግግር ከማብዛት ደብዳቤውን ራሱን ላሳያችሁ። የድርጅቱን ስም አውጥቼዋለሁ።

ቀን፡- …………
ለ………… የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፡- በጀማሪ የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያ የሥራ መደብ ለመቀጠር ስለማመልከት

ድርጅታችሁ ከላይ በተጠቀሰው የሥራ መደብ ሠራተኛ አወዳድሮ ለመቅጠር ያወጣውን ማስታወቂያ ተመልክቼ አመልክቻለሁ። በማኔጅመንት የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ።

ማስታወቂያው የሠራተኞችን የግል ማህደር በጥራት የሚይዝ ሰው እንደምትፈልጉ ይገልጻል። ላለፉት ሁለት ዓመታት 86 አባላት ያሉትን የአካባቢያችንን የሴቶች ዕድር መዝገብ በጸሐፊነት ይዣለሁ። የመዋጮ፣ የስብሰባ መገኘትና የቤተሰብ ሁኔታ መረጃዎችን በየወሩ እመዘግባለሁ። መዝገቡን ስረከብ ከደረሰኞች ጋር አመሳክሬ 11 የተሳሳቱ ምዝገባዎችን አርሜአለሁ፤ ያለአግባብ ቅጣት የከፈሉ አባላትም ገንዘባቸው እንዲመለስላቸው ለኮሚቴው አቅርቤ ተፈጽሟል። ከዚያ ወዲህ መዝገቡን ወደ ኤክሴል ቀይሬዋለሁ። በዚህ ሥራ የአባላትን የግል ችግር የሚመለከቱ ውሳኔዎች በእጄ ያልፋሉ፤ ከኮሚቴው ውጭ የወጣ መረጃ የለም።

በተማሪነቴ ለተግባር ልምምድ በወጣሁበት መሥሪያ ቤት ማህደር ክፍል ውስጥ የዕረፍት ፈቃድ ቅጾችን በየሠራተኛው ፋይል አደራጅቻለሁ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የዓመት ዕረፍት እንዴት እንደሚሰላ አውቃለሁ። የደመወዝ መክፈያ ሶፍትዌር ተጠቅሜ አላውቅም፤ ለመማር ዝግጁ ነኝ።

ለፈተናና ለቃለ መጠይቅ በምትጠሩኝ ጊዜ የዕድሩን ኮሚቴ ምስክርነት ማቅረብ እችላለሁ። የትምህርት ማስረጃዬን 3 ገጽ ኮፒ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ስምና ፊርማ

ልብ በሉ፤ «ታታሪ» የሚል ቃል የለበትም። «ታማኝ»ም የለም። አንባቢው ግን ሁለቱንም ራሱ ይላቸዋል። ደግሞ የማታውቀውን ነገር አልደበቀችም። እትዬ ይህቺን መስመር ሲያነቡ «ይኼን የጻፈች ልጅ ሌላው ላይም አልዋሸችም ማለት ነው» አሉ። ድክመትን በልኩ መናገር ጥንካሬን እንደሚያስታምን እኔም ያን ቀን ነው የተማርኩት።

ጥቂት ማሳሰቢያዎች

ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይበልጥ። ሲቪ ላይ ያለውን ሁሉ አይድገም። ከሁሉም በላይ ያልሠራነውን አንጻፍ፤ ደብዳቤው ላይ ያለ እያንዳንዱ ቁጥር ቃለ መጠይቅ ላይ ጥያቄ ሆኖ ይመጣል። እህቴም «እነዚያን 11 ስህተቶች እንዴት አገኘሻቸው?» ተብላ ተጠይቃለች። ሠርታው ስለነበረ ለመመለስ አላላበችም።

አሁን አሁን ደግሞ ማመልከቻን ለቻትጂፒቲና ለመሰል ፕሮግራሞች አዝዞ ማስጻፍ ተለምዷል። ለቋንቋ እርማት ቢያግዝ ክፋት የለውም። ነገር ግን ዝም ብሎ «ማመልከቻ ጻፍልኝ» ከተባለ የሚጽፈው ያንኑ «ታታሪ፣ ታማኝ» ነው፣ በተሻለ ፊደል። የእናታችሁን ዕድር አያውቀውም። እሱን የምትነግሩት እናንተ ናችሁ፤ ለመንገር ደግሞ መጀመሪያ ራሳችሁ ማየት አለባችሁ።

«ዘመድ ከሌለህስ?»

ይህን ጽሑፍ በረቂቅነቱ ያነበበ አንድ የዶርም ጓደኛዬ «አንተ ደግሞ! ሥራ የሚገኘው በትውውቅ ነው እንጂ በደብዳቤ ነው እንዴ?» አለኝ። አልዋሽም፣ መልስ አጣሁ። በትውውቅ የሚያዝ ቦታ የለም ብል ማንም አያምነኝም። ነገር ግን ሁሉም ቦታ አስቀድሞ የተያዘ ነው ብለን ከደመደምን ክፍት የሆነውንም በአንድ ዓይነት ደብዳቤ ራሳችን እንዘጋዋለን። እህቴ ሃያ ሦስት ጊዜ ያስገባችው ደብዳቤ ዘመድ ስላልነበራት ብቻ አይደለም የወደቀው። ሊያነበው ለሚፈልግ ቅን ሰው እንኳ የሚይዘው ነገር አልነበረውም።

አዲሱን ደብዳቤ ለአምስት ቦታ አስገባች፤ ለእያንዳንዱም እንደ ማስታወቂያው አስተካክላ ነው። ሦስቱ ምንም አላሉም። አንዱ ለጽሑፍ ፈተናና ለቃለ መጠይቅ ጠርቷት «ተጠባባቂ» ሆነች። የተጠባባቂን ስሜት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልብ ይዘላል። አምስተኛው ቀጠራት። ደመወዙ ብዙ አይደለም፣ ትራንስፖርቱም ሩቅ ነው። ይህን ስጽፍ ከ60ው የሙከራ ቀኗ 41ኛው ላይ ናት። የመጀመሪያ ሥራዋ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ከዓመታት በፊት የተዘበራረቀ የዕረፍት ፈቃድ መዝገብ ከማህደር ጋር ማመሳከር። ማታ ቤት ስትደውል እናታችን «ያው የኔ ዕድር መዝገብ በይው» ብላ ትስቅባታለች።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ የሚቀጥለውን ማመልከቻችሁን ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ምሽት ተቀምጣችሁ ባለፉት ሁለት ዓመታት ሰው አምኖ በእጃችሁ ያስቀመጠውን ነገር ሁሉ በወረቀት ላይ ዘርዝሩ። ትንሽ ነው ብላችሁ አትዝለሉ። ከዚያ ማስታወቂያውን ከጎኑ አድርጋችሁ የሚገጥሙትን አንድ ሁለት ነገሮች አስምሩባቸው። ደብዳቤው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

መልካም የትምህርት ጊዜ፣ መልካም የሥራ ፍለጋ! ቸር ይግጠመን።